ደንገልና ኖራ

ባሌ ውስጥ በጀልባ የሚዞሩበት ባሕር የለም። ከሮቤ ተነሥቶ በጎሮ በኩል ወደ ቆላው የሚወርድ መንገደኛ የሚያገኘው ትልቅ ውኃ ዌይብ ወንዝ ነው፤ እሱም ሶፍ ዑመር ሲደርስ መሬት ውስጥ ይገባና፣ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ፣ ዓምድና አዳራሽ አበጅቶ በማዶ ይወጣል። ከዚያ አልፎ የሙስሊሞች የመንፈሳዊ ጉዞ ስፍራ ወደሆነው ድሬ ሼክ ሁሴን ለዘለቀ ደግሞ ውኃ ማለት ኩሬ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ጣና ሆኖ ሳለ ከባሌ የምነሣው፣ የእጅ ሥራን ቀርቦ ማየትን ያስተማረኝ ድሬ ሼክ ሁሴን በመሆኑ ነው።

እዚያ የሚደርስ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ነጩን ጉልላት ነው፤ ብዙው ጎብኚም እሱን ከሩቅ ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ቁም ነገሩ ያለው ግን ግድግዳው ላይ ነው። ድንጋዩ የአገሩ ድንጋይ ነው፣ ነጭ ያደረገውም ኖራ ነው። ኖራ በኖራ ላይ እየተደረበ ስለኖረ ስለት ያለው ጠርዝ አይታይም፤ ማዕዘኑ ሁሉ በመዳፍ የተዳበሰ ያህል ለስልሷል። በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚገባው ሰው ወዶም ሳይወድም ያጎነብሳል። ግንበኛው ያንን ቁመት ሲመርጥ የሰውን ወገብ እንጂ የድንጋዩን ልክ አላሰበም። ለዚያራ፣ ማለት ለመንፈሳዊ ጉብኝት፣ የሚመጣው ሕዝብ የሚይዘው በትርም እንዲሁ ነው። ጫፉ ባላ ነው፣ «ኡሌ ሼክ ሁሴን» ይሉታል። ባላውን ማንም አልጠረበውም፣ ዛፉ ራሱ ያበቀለው ነው። የሠራተኛው ጥበብ ሁለቱ ክንዶች እኩል የወጡበትን ቅርንጫፍ ጫካ ውስጥ ለይቶ ማየቱ ላይ ነው። ልጣጩን መፋቅና ማለስለስ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቀላል ሥራ ነው።

ይህን ዓይን ይዤ ነው ባሕር ዳር ጀልባ የተሳፈርኩት።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ፈጥኖ ይቆጣል፤ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል። የሞተር ጀልባ ነጂዎች ጠዋት ወጥተው ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሳይበረታ ለመመለስ የሚቻኮሉት ለዚህ ነው። ጎብኚውን የሚያወርዱባቸው ቦታዎች የታወቁ የገዳም ስፍራዎች ናቸው፤ ዘጌ ልሳነ ምድር፣ ክብራን ገብርኤል፣ ራቅ ካለም ደቅ፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ። ክብራን ሴት አይገባም፤ ዳጋም እንዲሁ። ሚስቱን ወይም እናቱን ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው፤ ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ፀሐዩ ያማርራል።

ጀልባው ከወደቡ ትንሽ እንደራቀ ከፊት ለፊት ቀጭን ቡናማ መስመር ይታያል፤ በላዩ አንድ ሰው ተቀምጦበታል። ታንኳ ነው። የሞተሩ ሞገድ ሲደርስበት ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ቀዛፊው ዞር ብሎም አያይም። ብዙ ጎብኚ ካሜራውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ፎቶው ያምራል፤ የሥራውን ብልሃት ግን አያሳይም። ብልሃቱን ለማየት ታንኳው ዳር ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ታንኳ የሚሠራበት፣ ደንገል የሚባለው ተክል በሐይቁ ዳር ረግረግ ላይ ከሰው ቁመት በላይ ይበቅላል። አገዳውን በቢላ ለሁለት ብትቆርጡት ሦስት ማዕዘን ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ውጭው አረንጓዴና ጠንካራ ቆዳ፣ ውስጡ ነጭ፣ ቀላል፣ አየር የቋጠረ ልብ። ታንኳ የሚንሳፈፈው በዚህ አየር ነው። የእንጨት ጀልባ ውኃን ከሆዱ ከልክሎ ይንሳፈፋል፣ አንድ ቀዳዳ ካገኘ ይሰምጣል። ታንኳ ውኃ ይገባዋል፤ ከታች ያስገባል፣ ከጎን ያስገባል፣ ግን አይሰምጥም፤ ምክንያቱም የሚሸከመው ራሱ ገላው ነው። ሠራተኛው ከውኃው ጋር አይጣላም፤ ጭነቱና ሰውዬው ብቻ ከውኃው በላይ እንዲሆኑ ያደርጋል።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በእቅፍ በእቅፍ ይታሰራል፣ እስሩ ከእስር ጋር ይጋጠማል። ቀርባችሁ ስታዩት ግን አንዱ አገዳ የሚያልቅበት ቦታ የጎረቤቱ አገዳ የሚያልቅበት አይደለም። ጫፎቹ እየተቀያየሩ ስለገቡ ርዝመቱን ሁሉ የሚያቋርጥ ደካማ መስመር የለም። ማሰሪያው ከልጥ የተገመደ ነው፤ ሲያስሩት በእግር ይረግጡና ይወጥሩታል፣ ቋጠሮው ደንገሉ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ማሰሪያው የባሰ ይጠብቃል። ላልቶ የታሰረ ታንኳ ውኃ ላይ ይፈታል፣ ከመጠን በላይ የጠበቀም አገዳውን ይቆርጣል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ የሚያውቀው እጅ ነው፤ መለኪያ የለውም።

ከፊት ያለው አፍንጫ ወደ ላይ ይቀናል። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ አጭሩን የጣና ማዕበል ከፍ ብሎ የሚወጣው እሱ ነው። ሆዱ ውስጥ ደግሞ ተጨማሪ የደንገል እስር ይነጠፋል፤ ሰውም ዕቃም የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። መቅዘፊያው ሰፊ ምላስ የለውም፤ ረጅም ዘንግ ነው፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይነከራል። መጀመሪያ ሳየው የድህነት መቅዘፊያ መስሎ ታይቶኝ ነበር። በደንገልና በቄጠማ መካከል ሰፊ ምላስ ቢኖረው ግን ሣሩ ይይዘው ነበር፤ ዘንግ በየትም ሾልኮ ይወጣል፣ ጥልቀቱ ሲያንስም መሬት ይገፋል።

ታንኳ ከደረሰ በኋላ ወደቡ ላይ አይታሰርም። ተጎትቶ ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል። ያለ ዕረፍት ውኃ ላይ ከዋለ ከብዶ ይበሰብሳል፤ እየደረቀ ቢሠራም ዕድሜው አጭር ነው፣ ሲያልቅ ሌላ ይታሰራል። እንግዲህ ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ የሚደርሰው ታንኳ ሁሉ አዲስ ነው ማለት ይቻላል፤ አሠራሩ ግን በጥንት ግብፃውያን የግድግዳ ሥዕል ላይ ከምናየው የደንገል ጀልባ ብዙ አይርቅም። ዕቃው ያልፋል፣ አስተሳሰሩ ይቀራል።

ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል ይህን ያየ ሰው ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. የደንገል መርከብ አትላንቲክን ማቋረጥ ይችላል ብሎ ሲነሣ 12 ቶን ያህል ደንገል ከጣና አስቆርጦ ወደ ግብፅ አስጫነ። መርከቡን በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ያሰሩት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። ደንገሉ የእኛ፣ እጁ የሌላ ሆነ። «ራ» የተባለው ያ መርከብ ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሥቶ ብዙውን ባሕር ካቋረጠ በኋላ ባርቤዶስ ሳይደርስ ተተወ። ከምክንያቶቹ አንዱ የኋላው ጫፍ መስመጡ ነው፤ በግብፃውያን ሥዕል ላይ ያንን ጫፍ ከወለሉ ጋር ወጥሮ የሚይዝ ገመድ አለ፣ ሄየርዳልና ጓደኞቹ ግን ከንቱ ጌጥ መስሏቸው አልተጠቀሙበትም። በዓመቱ የቲቲካካ ሐይቅ አይማራዎች የሠሩት «ራ 2» በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ። ስለ ማሰር ዋጋ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

በጣና ላይ ታንኳ የማሰሩን እጅ የያዙት በዋነኛነት ነገደ ወይጦ ናቸው። ቀድሞ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ፤ እምነታቸው እስልምና ነው። ጉማሬ በሉ ተብለው በጎረቤት ሲናቁ፣ ከቤት ዳር ሲገፉ ኖረዋል። የታንኳው ፎቶ በሆቴል ግድግዳ ላይ፣ በፖስት ካርድ ላይ፣ በማስታወቂያ ላይ ተሰቅሏል፤ ያሰረው ሰው ስም ግን ከሥሩ አይጻፍም። ለገዳሙ ሥዕል «ሊቅ» እያልን ለታንኳው «ጥንታዊ» ብቻ ማለታችን፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ወደ ገዳሙ እንውጣ። ዘጌ ላይ ከጀልባ ወርዶ በቡናው ጥላ ውስጥ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ የመታሰቢያ ዕቃ ሻጮቹ ግን ያረዝሙታል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ቅኔ ማሕሌቱ፣ ቅድስቱ፣ መቅደሱ አንዱ ባንዱ ውስጥ ናቸው። ጉልላቱ ላይ የሰጎን እንቁላል አለ። ሁሉም ወደ ሥዕሉ ይሮጣል፤ በላዔ ሰብን ያያል፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን ያያል፣ የክርስቶስን ዘመን ወታደሮች ጠመንጃ ይዘው አይቶ ይስቃል። እኔ ግን እባካችሁ ስፌቱን እዩ እላለሁ። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ አልተሣለም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ጨርቁ ጭቃው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ብርሃን በጎን ሲመታው ጨርቅ ከጨርቅ የተጋጠመበት መስመር ይታያል። ሠዓሊው ያንን መስመር ፊት ላይ ወይም እጅ ላይ እንዳይወድቅ አድርጎ በልብስ መታጠፊያና በክፈፍ ሲሸሽገው ማየት፣ ለእኔ፣ ከሥዕሉ ታሪክ ያልተናነሰ ደስታ ነው። ሁሉም ቦታ አልተሳካለትም። ያልተሳካበትም ቦታ ደስ ይላል።

በሮቹም አሉ። ረጃጅምና ወፋፍራም የመቅደስ በሮች፣ ከአንድ ግንድ የወጣ ሰፊ ሳንቃ። የመጥረቢያው ምት ከቀለሙ ሥር ስስ ሆኖ ይታያል፤ በእጅ መንካት ግን አይፈቀድም፣ ልክም ነው። ቀና ስትሉ ጣሪያው ይታያል፤ ወራጁና ሽመሉ ተጠላልፎ በማሰሪያ ተይዟል። የደንገል ታንኳ ያሰረውና ጣሪያውን ያሰረው እጅ አንድ አገር ያደጉ መሆናቸው እዚህ ይገባል። ቆርቆሮ የለበሱ ቤተ ክርስቲያናት በዝተዋል፤ ዝናብ መከላከሉን አልክድም፣ ከታች ያለውን እስር ግን ማንም እንዳያየው አድርጎታል።

ናርጋ ሥላሴ ሌላ ነው። ከደቅ አጠገብ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያሠሩት፣ የጎንደር ግንበኞች ጥበብ ውኃ ተሻግሮ የመጣበት ነው። እዚህ ድንጋይና ኖራ ነግሠዋል። እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። እኔን የያዘኝ ግን ያ ሁሉ ኖራ እንዴት እንደመጣ ማሰቡ ነው። በሐይቅ መካከል ያለ ሕንፃ ሲሠራ ቁሳቁሱ በውኃ ይሻገራል፤ በዚያ ዘመን በጣና ላይ የሚሻገረው ደግሞ የደንገል ዕቃ ነው። የሚያረጀው የማያረጀውን ተሸክሞ አሻገረው ማለት ነው። ለዚህ ነው ድሬ ሼክ ሁሴንን ያስታወስኩት፤ እዚያም እዚህም ኖራው የቆየው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ሰው እየተመለሰ ስለሚያድሰው ነው። ታንኳውም በየጊዜው አዲስ ይታሰራል። ልዩነቱ የዕድሜ ልኩ ብቻ ነው።

ዳጋ እስጢፋኖስን በአጭሩ ልለፈው፤ የነገሥታት አፅም ያረፈበት ትልቅ ቦታ ነው፣ የእጅ ሥራ ለማየት ለሄደ ግን ናርጋና ኡራ ይበልጡበታል።

አሁን የሚያሳስበው ደንገሉ ነው። ረግረጉ ለእርሻና ለግንባታ እየተመነጠረ የባሕር ዳር ዙሪያው እየሳሳ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በሐይቁ ላይ መታየቱ የተነገረው እምቦጭ የተባለው አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ የያዘው ቦታም ቀላል አይደለም። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ መዝገቡ ግን ደንገል አይተክልም። ደንገል ከሌለ ታንኳ የለም፤ ታንኳ ከሌለ ደግሞ እጁ ሥራ ይፈታል፣ ልጆቹም አይማሩትም።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም ሆኖ ጣናን የምታዩ ከሆነ፣ ከገዳሙ ጉዞ ላይ ግማሽ ቀን ቀንሱና ነገደ ወይጦ ወዳሉበት ዳርቻ ሂዱ። አስፈቅዱ፣ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ሠራተኛውን ስሙን ጠይቁ፣ ሲያስር ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ ስታበቁ ለሰጣችሁ ጊዜ ክፈሉት፤ ለአስጎብኚው የምትከፍሉትን ያህል ይገባዋል። የምትሄዱት ግን በጠዋት ይሁን፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ታንኳ ብዙ አይወጣም።