ማየትና መመልከት
(ስለ ጐንደር ግንብ)

ሰው ብዙ አገር በመዞሩ ብቻ አዋቂ የሚሆን ቢሆን ኖሮ፣ ከሰው ሁሉ ይልቅ የመኪና ጎማ ሊቅ በሆነ ነበር። ማየት ዓይን ላለው ፍጥረት ሁሉ የተሰጠ ነው፤ መመልከት ግን ልብንና ትዕግሥትን ይጠይቃል። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ልዩነት ያስተማረኝ የጐንደር ግንብ ነውና፣ ሦስት ጊዜ ሄጄ የታዘብሁትን እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት በ1963 ዓ.ም. የ13 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። የሚሲዮን ትምህርት ቤታችን አስተማሪ አንድ ክፍል ተማሪዎችን ይዘውን ሄዱ። ዐፄ ፋሲለደስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1636 ጐንደርን መናገሻ እንዳደረጓት፣ የግቢው አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል እንደ ሆነ፣ ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስና የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢያሱም በየተራቸው በዚያው ግቢ ውስጥ እንዳሳነጹ በመንገድ ነገሩን። ከገባን በኋላ ግን ንግግራቸውን አቆሙ። በፋሲለደስ ግንብ ፊት ለፊት በሣሩ ላይ አስቀመጡንና፣ “አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ ከዚያም እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ጥያቄ ጻፉ” አሉን።

በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ተሰላቸሁ። በሁለተኛው በአራቱ ማዕዘን የቆሙትን ክብ ማማዎች መቍጠር ጀመርሁ። ሰዓቱ ሲያልቅ ግን ዓይኔ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይሄድ ነበርና፣ “ይህን ሁሉ ድንጋይ የተሸከመው ማን ነው?” ብዬ ጻፍሁ። አስተማሪያችን አንብበው፣ “የነገሥታቱ ስም ተጽፎልሃል። የተሸካሚዎቹ ስም አልተጻፈም፤ ሥራቸው ግን ይኸው ፊትህ ቆሟል። በሄድህበት ሁሉ ሁለቱንም ፈልግ” አሉኝ።

ለሁለተኛ ጊዜ የሄድሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በጥር 2011 ዓ.ም. ለጥምቀት በዓል ነው። ዩኔስኮ ግቢውን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 በዓለም ቅርስነት ከመዘገበው ወዲህ ዝናው ሰፍቷልና፣ በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። እንግዶች፣ የአገር ሰዎችም የውጭ አገር ሰዎችም፣ ከአውቶቡስ እየወረዱ ይገባሉ፤ ከገቡም በኋላ ለግንቡ ጀርባቸውን ሰጥተው በስልካቸው የራሳቸውን ፊት ያነሣሉ። ሁለት ወጣቶችን ሰዓቴን ይዤ ጠበቅኋቸው፤ በግንቡ ፊት የቆዩት አራት ደቂቃ ሲሆን፣ ሦስቱን ያዋሉት ለራሳቸው ፊት ነበር። ሌላው ከአሮጌ ግድግዳ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ኖራው ከጫማው ሥር ረገፈ። ምስሉ አላማረም ቢሉት ደግሞ ወጣ። አንድ አስጎብኚ የዐፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1941 ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ሲወጉ በጣሉት ቦምብ እንደ ተጎዳ ሲያስረዳ፣ ከሰሚዎቹ አንዱ የጠየቀው ጥያቄ “ፎቶ የሚያምረው በየት በኩል ነው?” የሚል ሆነ።

እኔም ተቆጣሁ። “ይህ ሁሉ ሰው ምነው ባልመጣ! ምነው ግቢው እንደ ልጅነቴ ጸጥ ባለ!” ብዬ በልቤ ተመኘሁ።

በዓመቱ፣ በጥር 2012 ዓ.ም.፣ ከባድ ነገር ሰማን። በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዘንድ በዓሉን ለሚመለከቱ ሰዎች የተሠራው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ መዝገብ ከገባ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። እንግዳ መጥራት ክብር ነው፤ ነገር ግን እንግዳው የሚቀመጥበትን ካላጸኑለት ክብሩ ወደ ኀዘን ይለወጣል።

ከዚያ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ በላዩም ጦርነት ተጨመረ። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ ሄድሁ። ምኞቴ ደርሶ ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። በዚያው ሣር ላይ ተቀመጥሁ፤ የሚሰማው የወፍ ድምፅ ብቻ ነው። ጥቂት እንደ ቆየሁ አንድ አስጎብኚ ቀርቦ፣ “አባቴ፣ ላስጎብኝዎት? የፈቀዱትን ይሰጡኛል” አለኝ። እየዞርን ሳለ ስለ ኑሮው ጠየቅሁት። ሥራ ከጠፋ ሁለት ዓመት እንዳለፈው፣ ሚስቱ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ቤቱን እንደምታቆም ነገረኝ። “ዱሮ ሰው በዛብን ብለን እናማርር ነበር፤ አሁን ኮቴ ናፈቀን” አለኝ።

ይህን በሰማሁ ጊዜ አፈርሁ። እኔ የተመኘሁት ጸጥታ ለእርሱ ረኃብ ነበረ።

ስለዚህ የቀድሞ ትችቴን ላርም ይገባኛል። ጥፋቱ የሰው መብዛት አይደለም። ያን ድንጋይ የተሸከሙት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ በነገሥታቱ በር ሲገቡ የሚከፋው ማን ነው? የሚያሳዝነው ገብተው ሳይመለከቱ መውጣታቸው ነው። ለዚህም የመጀመሪያው ተወቃሽ እኛ አስተማሪዎች ነን። እኔ ራሴ ዐርባ ዓመት ያህል ሳስተምር የነገሥታትን ስም በተራ አስጠንቻለሁ፤ ተማሪዎቼን ግን በአንድ ግንብ ፊት አንድ ሰዓት አስቀምጬ ጥያቄ እንዲጽፉ ያደረግሁበት ቀን የለም። ያልዘራሁትን ከወጣቶች ልጠብቅ አልችልም።

ግቢው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን መጠገን ዕውቀት ይፈልጋል። በጣሊያን ዘመን በሲሚንቶ የተጠገነውን፣ ለጥንቱ ድንጋይ የሚስማማው ኖራ ነውና፣ ኋላ በኖራ መመለስ አስፈልጓል። የሰውም ነገር እንዲሁ ነው። ድንጋዩን ግንበኛ ያድሰዋል፤ የጎብኚውን ዓይን የሚያድሰው ግን ራሱ ጎብኚው ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ወደ ጐንደር ሂድ፤ ወዳጆችህንም ይዘህ ሂድ። አስጎብኚውን ስማው፤ ዋጋውንም ሳትከራከር ስጠው፤ እርሱም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነው። በግድግዳው ላይ አትውጣ። በሣሩ ላይ ተቀምጠህ ጥያቄህን እስክታገኝ ድረስ ተመልከት። ከዚያ በኋላ ስልክህን አውጥተህ ምስልህን ብታነሣ እኔም አልቆጣም፤ ያን ጊዜ ከኋላህ የቆመው ምን እንደ ሆነ ታውቃለህና።