አደፍርስን ማን ይተርጉምልን?

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ደብረ ብርሃን፣ ዘመድ ቤት ነበርኩ። የቤቱ ልጅ 11ኛ ክፍል ነው። የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ዘርግቶ ስልኩን በገጹ ላይ ይይዛል፤ ስልኩም አማርኛውን ያወጣለታል። «እንዲህ ከሆነ ቋንቋውን መቼ ልትማረው ነው?» ብለው፣ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ስልኩ እያወቀልኝ እኔ ምን አደከመኝ?» አለኝ። ለጊዜው መልስ አጣሁ።

ልጁ የተናገረው የስንፍና ነገር ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ጉግል አማርኛን ከሚተረጉማቸው ቋንቋዎች ጋር ከደመረ ወዲህ፣ በተለይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከተስፋፋ በኋላ፣ ትርጉሙ ከዓመት ዓመት እየተሻሻለ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ተማሪ፣ ያልገባውን የባዮሎጂ ገጽ በአማርኛ ቢያነብ ምን ክፋት አለው? እኔ እንኳን ልነቅፈው፣ በእኛ ጊዜ በነበረ እላለሁ።

ነገር ግን ጥያቄው የተነሣበት አገር ሌላ ነገር ያስታውሳል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አንኮበር አለች። በ1834 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲዋዋሉ፣ በማስተርጎም የረዳው በዚያ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ ነው። የንጉሡ ቃል ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረው በባዕድ ሰው አንደበት ነበር ማለት ነው። የልጅ ልጃቸው፣ በቅርቧ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተዋዋሉትን የውጫሌን ውልማ የማያውቅ የለም። አንቀጽ 17 በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ ነገሩም እስከ ዐድዋ ዘለቀ። ውጫሌ ላይ አስተርጓሚ አልጠፋም፤ ችግሩ ማኅተሙ ከመመታቱ በፊት የሁለቱ ገጾች ልዩነት አለመታየቱ ነው።

ልጁ ከማንም መንግሥት ጋር አይዋዋልም ትሉኝ ይሆናል። የሥራ ውል ግን ይፈርማል፤ የመድኃኒት መመሪያ ያነባል። ትርጉሙ ሲሳሳት ተሳስቻለሁ ብሎ አይናገርም። የሚያውቀው ዋናውን ማንበብ የሚችል ሰው ብቻ ነው።

ከውልና ከመድኃኒት አልፈን ወደ ሥነ ጽሑፍ ስንመጣ ጉዳዩ ይጠልቃል። የሰሜን ሸዋ ልጅ፣ የደብረ ሲናው ዳኛቸው ወርቁ በሁለቱም ቋንቋ ልብ ወለድ ጽፏል። «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም. በአማርኛ አሳተመ፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ ርእሱ «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ልብ ወለዱ በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ ወጣ። ልብ በሉ፤ ዳኛቸው «አደፍርስ»ን ወደ እንግሊዝኛ አልገለበጠም። ሌላ መጽሐፍ ጻፈ።

ለምን ይሆን? ለእኔ ምክንያቱ ከመጽሐፎቹ ከራሳቸው ይነበባል። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ የታመሙት ፊታውራሪ ወልዱ ፈውስ ፍለጋ ከልጆቻቸው ጋር ዝቋላ ይወጣሉ። አማርኛ ቢሆን ኖሮ ልጅ አባቱን «አንቱ» ሲል፣ ፊታውራሪው ባላገሩን «አንተ» ሲሉ፣ የአገሩ ሥርዓት በሙሉ በአንዲት ተውላጠ ስም ውስጥ ይቆም ነበር። በእንግሊዝኛ ሁሉም በአንድ ቃል ይጠራል። ዳኛቸው ይህን ክፍተት በሌላ መንገድ፣ በትዕይንትና በድርጊት ሊሞላው ይጥራል፤ አንዳንዴ ይሳካለታል፤ አንዳንዴ ግን ባላገሮቹ ሲናገሩ የደራሲው ድምፅ ይሰማኛል። «አደፍርስ» ውስጥ እንዲህ አይደለም። እመቤቷም፣ ካህኑም፣ ተማሪውም በየራሱ አፍ ነው የሚናገረው፤ ምሳሌው፣ ምርቃቱ፣ አሽሙሩ የዚያው አገር ነው። ስለዚህ ከሁለቱ «አደፍርስ» ይበልጥብኛል። ዳኛቸው ግን ሁለቱን ቋንቋዎች ስላወቀ፣ የትኛው ነገር እንደሚሻገርና የትኛው እንደማይሻገር ለይቷል። የቋንቋ ዕውቀት ዋጋው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ማሽኑስ? የሚማረው ከተጻፈለት ነው። ለእንግሊዝኛ ባሕር የሚያህል ጽሑፍ አለው፤ ለአማርኛ ያለው ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ከዚህም ውስጥ ዜናውና ቅዱሳት መጻሕፍቱ ብዙውን ቦታ ይይዛሉ። የደብረ ሲና ባልቴት ቡና ላይ የምታወራው ከዚያ ውስጥ ምን ያህል ይገኛል? ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመልስም «አንተ»ን፣ «አንቺ»ንና «እርስዎ»ን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ በእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ግን ምልክቱ የለም። ስለዚህ ይገምታል።

አደፍርስ ራሱስ ምን ነበር? ትምህርት ቀመስ ወጣት ነው፤ በገዛ አገሩ፣ በገዛ ቋንቋው ሲከራከር ሰሚ ያጣ። ከመጽሐፍ ያገኘውን ሐሳብ አጠገቡ ላለው ሰው የሚያደርስበት አንደበት አልነበረውም። የዳኛቸው ትችት ያረፈው የውጭውን ዕውቀት ተምሮ የአገሩን አነጋገር በዘነጋ ሰው ላይ ነው ብዬ አነበዋለሁ። እንግሊዝኛ ተማሩ የምንል ሁሉ ይህን ማስጠንቀቂያ ልንዘለው አይገባም።

ከደብረ ብርሃን ከመነሣቴ በፊት «አደፍርስ»ን ለልጁ ሰጠሁት። ማታ መጽሐፉን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ይሄን ወደ አማርኛ የሚተረጉምልኝ የለም?» አለኝ። ሳቅን። በኋላ ግን ሳስበው ሳቁ ቀረ። ለካ የሚጎድለው እንግሊዝኛው ብቻ አይደለም! ሁለቱን ገጽ አስተያይቶ «ይህ ከዚያ አይገጥምም» ለማለት ሁለቱንም ማንበብ ያስፈልጋል። አማርኛው የሳሳበት ልጅ የስልኩን አማርኛ በምን ይመዝነዋል?

ስለዚህ መልሴ ዘግይቶም ቢሆን ይኸው፤ ስልኩን ተጠቀምበት፤ እንግሊዝኛውንም ተማር፤ አማርኛህንም አጥብቀህ ያዝ። «አደፍርስ»ን አልተቀበልኩትም፤ እስኪጨርሰው እሱ ዘንድ ይቆይ።