የ16 ትእዛዞች ወረፋ፦ የሞቶሮላ ኪውኤስኤም መመሪያ ሲፈተሽ

አንድ የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኦሞራቴ ላይ የወንዙን ከፍታ የሚመዘግብ መሣሪያ ልሥራ ብሎ ቢነሳ፣ በ68332 ማይክሮኮንትሮለር ውስጥ ያለውን ኪውኤስኤም (ባለ ወረፋ የተከታታይ መገናኛ ሞጁል) የሚያብራራውን የሞቶሮላ ማመሳከሪያ መመሪያ አስቀድሞ እንዲያነብ እመክረዋለሁ። ጉዳዩ የሕይወት ነው፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

ቺፑ አሮጌ ነው። ዛሬ በብዙ ማይክሮኮንትሮለሮች ላይ ዳታን ያለ ፕሮሰሰሩ እገዛ የማመላለሱን ሥራ ዲኤምኤ የሚባለው ክፍል ይሠራዋል። ዲኤምኤ ግን የሚያደርገውን በግልጽ አያሳይም፤ እዚህ ሁሉም ነገር ከፊት ተዘርግቷል።

ፕሮሰሰሩ ከሴንሰሮች ጋር ዳታ የሚለዋወጥበት ተራው ኤስፒአይ መገናኛ አንድ ቃል ልኮ አንድ ቃል በተቀበለ ቁጥር የፕሮሰሰሩን ትእዛዝ ይጠብቃል። አምስት ሴንሰር ያለው ጣቢያ ፕሮሰሰሩን አምስት ጊዜ ያስቆመዋል ማለት ነው። በኪውኤስኤም ውስጥ ያለው ባለ ወረፋ ኤስፒአይ ግን የራሱ 80 ባይት ራም አለው፤ 16 ቃል ለሚላከው፣ 16 ቃል ለሚመጣው፣ 16 ባይት ለትእዛዝ። ፕሮግራሙ ዝርዝሩን ይሞላል፣ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ ይነግረዋል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ሞጁሉ በተራው ፈጽሞ ሲጨርስ ያሳውቃል።

ከመጽሐፉ ሁሉ የትእዛዝ ባይቱ ገለጻ ይበልጥብኛል። ከስምንቱ ቢት አራቱ የትኛው መሣሪያ እንደሚጠራ ይወስናሉ። አንዱ መምረጫውን ሳይለቅ ወደሚቀጥለው ልውውጥ ያሻግራል፣ አንዱ የቃሉን ርዝመት ይመርጣል፣ ሁለቱ ከልውውጡ በፊትና በኋላ የሚኖረውን ቆይታ ይቆጣጠራሉ። የኋለኛው ቆይታ የውሃውን ከፍታ ለሚለካ የግፊት ሴንሰር ወሳኝ ነው፤ አናሎጉን ወደ ዲጂታል የሚቀይረው ክፍል ልኬቱን እስኪጨርስ ጊዜ ያገኛል። የቆይታው ቁጥር በ32 የክሎክ ዑደት እየተባዛ ይቆጠራል። ዜሮ ከተጻፈ ግን ቆይታው ይጠፋል ብሎ የጠበቀ ሰው ይሳሳታል፤ 8192 ዑደት ይሆናል፣ በ16.78 ሜጋኸርዝ ግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል። እንዲህ ያለ ወጥመድ በቀይ መጻፍ ነበረበት ባይ ነኝ።

የመመሪያው ድካም አደረጃጀቱ ነው። ሬጅስተር በሬጅስተር እየዘረዘረ ይሄዳል፤ ታሪኩን አንባቢው ራሱ ይገጣጥመዋል። ሞጁሉን የሚያስነሳው ኤስፒኢ ቢት ኤስፒሲአር1 ውስጥ ስለሆነ ይህ ሬጅስተር መጨረሻ ላይ መጻፍ አለበት። ለጀማሪ ይህን የሚያህል ቁም ነገር የለም፤ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ መቀመጥ ይገባው ነበር። ሞጁሉን ስለማቆም የሚሰጠው ማብራሪያ ግን ጥሩ ነው፤ ሃልት ቢት 1 ሲደረግ ሞጁሉ የያዘውን ልውውጥ ጨርሶ ይቆማል፣ ኤስፒኢን በድንገት ማጥፋት ግን በመተላለፍ ላይ ያለውን ዳታ ሊያጠፋ ይችላል።

ዋናው ቅሬታዬ በባትሪና በሶላር ለሚሠራ ጣቢያ የሚሆን ምዕራፍ አለመኖሩ ነው። ወረፋውን እየደጋገመ የሚያሽከረክረው አሠራር ለመኪና ሞተር ይመቻል፣ ሁልጊዜ አዲስ ልኬት ይገኛል። ኦሞራቴ ላይ ግን ክሎኩ ሲቆም ወረፋውም ስለሚቆም፣ ማሽከርከር ማለት ቺፑ ጨርሶ አይተኛም ማለት ነው፤ በደመናማ ቀን ባትሪው ያልቃል። ስለዚህ ነቅቶ፣ ወረፋውን አንዴ አስኪዶ፣ ውጤቱን ሚሞሪ ላይ ጽፎ፣ ሞጁሉን በሃልት አቁሞ መተኛት ይሻላል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልጉት ቢቶች ሁሉ መመሪያው ውስጥ አሉ፤ ተማሪው ቅደም ተከተሉን ከየገጹ ለቅሞ በራሱ ደብተር ላይ ያሰፍረዋል።