እውነት ለማን ትነገራለች?
በሩሶና በጋንዲ መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሒስ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ የለም። ምሳሌው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ለሐሰተኛ ሰው መደበቂያ ሊሆን ይችላል። እውነት በራሷ ጊዜ የምትጠራ ከሆነች፥ እርሱ ዛሬ ስለ ምን አፉን ይከፍታል? የሐሰት ልማድ ሥር የሚሰድደው በዚህ ዛሬ ነገ በማለት ነው። ይህን ነገር ለመመርመር፥ ሁለት ሰዎች ስለ ራሳቸው የጻፏቸውን መጻሕፍት ጐን ለጐን አድርጎ ማንበብ ይጠቅማል። የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፊተኛው በ1712 በጄኔቭ ተወልዶ በ1778 የሞተው ዣን ዣክ ሩሶ ነው። «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ፥ በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ፥ የሠራውን በደል ይተርካል። በ1728፥ የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፥ በቶሪኖ ከተማ በአንዲት እመቤት ቤት አሽከር ነበረ። እመቤቲቱ ሞታ ቤቱ ሲበተን አንድ ያረጀ ጥብጣብ ሰረቀ። በእጁ ተገኝቶ በተጠየቀ ጊዜ ማሪዮን ሰጠችኝ አለ። ማሪዮን የዚያው ቤት ወጥ ሠሪ፥ ትሑትና ታማኝ ልጃገረድ ነበረች። በብዙ ሰው ፊት ሐሰቱን ደገመባት፤ እርሷ ግን አለቀሰች እንጂ አልሰደበችውም። ሁለቱም ከቤቱ ተሰናበቱ።

ሩሶ ምክንያቱን ሲመረምር፥ ጥብጣቡን ለማሪዮን ሊሰጣት ያስብ ስለ ነበረ ስሟ ወደ አፉ ቀድሞ እንደ መጣ፥ ቃሉንም እንዳይመልስ የከለከለው የቅጣት ፍርሃት ሳይሆን የሰው ፊት ኀፍረት እንደ ሆነ ይናገራል። ይህ ምርመራ ጥልቅ ነው። ብዙ ሐሰት ከክፋት ሳይሆን ከኀፍረት እንደሚወለድ እንደ እርሱ አጥርቶ ያሳየ ጸሐፊ ጥቂት ነው።

ነገር ግን የመጽሐፉ ጕድለት በዚያው ገጽ ላይ ነው። ትረካው ከማሪዮን መከራ ይልቅ የጸሐፊውን ሥቃይ ያበዛል። እርሷ ከዚያ ቤት ከወጣች በኋላ ምን እንደ ደረሰባት አላወቀም። ነገሩን ለማንም ገልጦ እንዳልተናገረ፥ መጽሐፉንም ለመጻፍ ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ይህን ሸክም ማራገፍ እንደ ሆነ ራሱ ይመሰክራል። ትረካው የታተመው በ1782፥ ከበደሉ 54 ዓመት በኋላ ነው። እውነት እያደረች ጠራች፤ ነገር ግን ለማሪዮን የተነጠቀ እንጀራዋን አልመለሰችላትም።

ለጸሐፊውም ፍጹም መድኀኒት አልሆነችውም። «ኑዛዜ»ን ከፈጸመ በኋላ፥ በመጨረሻ ዘመኑ በጻፈው ስለ ብቸኛ መንገደኛ ሐሳብ በሚናገረው መጽሐፉ፥ በግብዣ ላይ አንዲት ሴት ልጆች ወልዶ እንደ ሆነ ብትጠይቀው፥ ፊቱ ቀልቶ አልወለድሁም እንዳላት ይተርካል። እርሱ ግን 5 ልጆቹን ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ሰጥቶ ነበር። ለዓለም ሁሉ የተናዘዘው ሰው በአንዲት ሴት ፊት እውነቱን ለመናገር አቃተው።

ሁለተኛው ከ1869 እስከ 1948 የኖረው የህንዱ ሞሃንዳስ ጋንዲ ነው። ከ1925 ጀምሮ በየጊዜው በጋዜጣ ያወጣው የሕይወት ታሪኩ የሚጀምረው ከትናንሽ ሐሰቶች ነው። በቤተ ሰቡ ሥርዐት የተከለከለውን ሥጋ ከወዳጁ ጋር በስውር በልቶ ሲመለስ፥ ለእናቱ ምግብ አላሰኘኝም ይል ነበር። አንዱ ስውር ሥራ ሌላ ሐሰት እንደሚጠራ ከዚህ የበለጠ ግልጥ ምሳሌ አይገኝም። 15 ዓመት ሲሆነው ደግሞ የወንድሙን ዕዳ ለመክፈል ከወንድሙ አንባር ጥቂት ወርቅ ሰረቀ። ዕዳው ተከፈለ፤ ልቡ ግን ዕረፍት አጣ። በአፉ መናገር ስላልቻለ በወረቀት ጻፈ፤ ቅጣትም ለመነ፥ ዳግመኛም እንዳይሰርቅ ቃል ገባ። ወረቀቱንም ታመው ለተኙት አባቱ በእጁ ሰጥቶ ከፊታቸው ተቀመጠ። አባቱ ቀና ብለው አነበቡ፤ እንባቸው ወረቀቱን አረጠበው፤ ቀድደውትም ተመልሰው ተኙ።

ሁለቱም ዐይነ አፋሮች ነበሩ፤ ሁለቱም በአፍ ያቃታቸውን በወረቀት ተናገሩ። ስለዚህ የሚለያቸው ድፍረት አይደለም፤ ወረቀቱን የተቀበለው ሰው ነው። የአንዱ ወረቀት ለማያውቁት አንባቢዎች ሁሉ ደረሰ፤ የሌላው ሊያዝንበት ለሚችለው ለአንድ ሰው ተሰጠ።

ይሁን እንጂ ፍርዱ ሚዛን ይሻል። ጋንዲ የሚወደው አባት በአጠገቡ ነበረው፤ ሩሶ ግን በሰው አገር የሰው አሽከር ነበረ። የቤቱ ጌታ ለብቻው ጠርቶ በርኅራኄ ቢጠይቀው ኖሮ በእግሩ ላይ ወድቆ እውነቱን ይናገር እንደ ነበረ ጽፎአል። ይህ ቃል ማመካኛ ቢመስልም፥ ልጅ ለሚያሳድግና ሠራተኛ ለሚያዝዝ ሁሉ ትምህርት አለው፤ በሸንጎ መካከል በቍጣ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ሐሰትን ነው።

እንግዲህ ሐሰትን ለመተው የሚሻ ሰው ከሁለቱ መጻሕፍት የሚያገኘው ምክር አጭር ነው። ስለ ጥፋቱ ለብዙዎች ከመናገሩ በፊት፥ ያታለለውን አንዱን ሰው ይፈልግ። አንደበቱ ቢታሰር በወረቀት ይጻፍ፤ ወረቀቱን ግን ራሱ ይዞ ይሂድ፤ ማሪዮንም ሳትርቅ ዛሬውኑ ይሂድ።