ከኋላ የምትከተለው ትንሿ መኪና

በክረምት ወራት ወደ አሪዞና በረሃ የሚወርዱ አሜሪካዊ ጡረተኞች አልጋቸውን፣ ማድቤታቸውንና መታጠቢያቸውን ይዘው ነው የሚጓዙት። ታዲያ 12 ሜትር በሚረዝም ሞተርሆም፣ ማለትም በተሽከርካሪ ቤት፣ ዳቦ ለመግዛት መውጣት ጣጣ ነው፤ የውሃው፣ የመብራቱና የፍሳሹ መስመር ሁሉ መነቀል አለበት። ስለዚህ ብዙዎች ትንሽ መኪና ከኋላ አስረው፣ አራቱም ጎማዎቿ መሬት እንደረገጡ ይጎትታሉ።

ጥበቡ ያለው ካምቢዮው ላይ ነው። የብዙ አውቶማቲክ መኪኖች ካምቢዮ ዘይት የሚዳረሰው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ስለሆነ፣ ጠፍቶ ሲጎተት ይበላሻል። ጂፕ ራንግለር የሚወደደው ለዚህ ነው፦ ኃይልን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል የራሱ ኒውትራል ስላለው፣ ጎማዎቹ ሲሽከረከሩ ካምቢዮው አርፎ ይቀመጣል። እስከ 2014 ሞዴል ድረስ ያለው ሆንዳ ሲአርቪ ግን ሥርዓት ይፈልጋል፤ ማርሹ ይቀያየራል፣ ሞተሩ በኒውትራል 3 ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ ይጠፋል፤ መሪው እንዳይቆለፍም ቁልፉ በቦታው ይተዋል። ለችኩል ሹፌር የሚሆን አይደለም!

የቀረው የመጎተቻ ብረት፣ የመጠባበቂያ ገመድ፣ የፍሬቻና የፍሬን መብራት ሽቦ ነው። ሞተርሆሙ ፍሬን ሲይዝ የትንሿንም ፍሬን የሚረግጥ መሣሪያ ይጨመራል።

ወደ ኋላ መሄድ ግን የለም፤ የተጎታቿ የፊት ጎማዎች ወዳሻቸው ይታጠፋሉ። መውጫው የጠበበ ነዳጅ ማደያ የገባ ሰው መኪናዋን ከመፍታት በቀር መላ የለውም። ያም ሆኖ በተሳቢ ላይ ከመጫን ይሻላል፤ ተሳቢው ራሱ ማቆሚያ ይፈልጋል።