«እንደራሴ» ስለ ተባለው ቲያትር

በ1963 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሮልፍ ሆሁት የተባለው ጀርመናዊ ደራሲ በበርሊን ከተማ የታየለት ቲያትር ስሙ በአማርኛ ቢመለስ «እንደራሴ» ይሆናል። የጀርመንኛው ቃል ምትክ ማለት ነው፤ አማርኛው ግን ሿሚው ተሿሚውን «እንደ ራሴ» ብሎ የሚያምንበት ቃል ስለ ሆነ ክሱን ይበልጥ ያከብደዋል። ክሱም፥ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአይሁድን እልቂት እያወቁ በግልጥ አላወገዙም የሚል ነው።

ሪካርዶ የተባለው ወጣት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፓፓው እንዲናገሩ ለምኖ ባይሆንለት፥ አይሁድ በግድ የሚያደርጉትን ቢጫ ኮከብ በቀሚሱ ላይ ሰክቶ ከሚጋዙት ጋር ወደ አውሽቪትዝ ይሄዳል። ይህ ሰው ከደራሲው ልብ የተወለደ ቢሆንም ነፍስ አለው። ፓፓው ግን በአራተኛው ክፍል ብቻ ብቅ ብለው ስለ ቫቲካን ገንዘብ ሲጨነቁ ይታያሉ፤ ሲጽፉም እጃቸው በቀለም ይበላሽና ውሃ አስመጥተው ይታጠባሉ። ጲላጦስን ለማስታወስ መሆኑን ተመልካቹ ሳይነገረው ያውቃል። ደራሲው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ገንዘብ ወዳድ ሰው ዝም ቢል ምን ያስደንቃል? አስጨናቂውስ እያዘነ ዝም ያለው ነው።

ታሪኩ ከቲያትሩ ይልቅ ይከብዳል። ቫቲካን በ1929 ከኢጣልያ ጋር በተዋዋለው የላቴራን ውል ከመንግሥታት ጠብ ውጭ ለመሆን ቃል ገብቷል። በ1942 የሆላንድ ጳጳሳት የአይሁድን መጋዝ በየቤተ ክርስቲያኑ ባስነበቡት ቃል ቢቃወሙ፥ ጀርመኖች በሳምንቱ ካቶሊክ የሆኑትን አይሁድ ጭምር ያዙ፤ መነኩሲቷ ኤዲት ሽታይንም ከነርሱ አንዷ ነበረች። ፓፓውም በዚያው ዓመት በልደት በዓል በራዲዮ ሲናገሩ፥ ስለ ዘራቸው ብቻ ለሞት የተዳረጉ ሰዎች እንዳሉ ጠቅሰው፥ የገዳዩንም የተገዳዩንም ስም ሳይጠሩ አለፉ። ጥቅምት 16 ቀን 1943 ከገዛ ከተማቸው ከሮማ አይሁድ ሲታፈሱ ካርዲናል ማልዮኔ የጀርመንን አምባሳደር ጠርተው በጓዳ ተማጠኑ፤ ገዳማትም ብዙ ሰው ሸሸጉ፤ በአደባባይ ግን ቃል አልተሰማም። ከተጋዙት ከ1,000 በላይ ሰዎች የተመለሱት 16 ናቸው።

አላወቁም ለሚሉት መልሱ ቆይቶ መጣ። በ2020 የቫቲካን መዝገብ ተከፍቶ፥ ለፓፓው ጸሐፊ በታኅሣሥ 14 ቀን 1942 የተጻፈ ደብዳቤ በ2023 ታተመ፤ ቤልዜክ በሚባለው ስፍራ በቀን እስከ 6,000 ሰው ይገደላል ይላል። ከልደቱ ንግግር በ10 ቀን የቀደመ ነው።

ድርሰቱ ለአንድ ምሽት ስለማይበቃ በየአገሩ እየተቆረጠ ይታያል። መቆረጥ የማይገባው መጨረሻው ነው፤ ከቀለሙና ከውሃው ይልቅ ልብ የሚወጋው በዚያ የሚነበበው የአምባሳደሩ እውነተኛ ደብዳቤ ነውና። ፓፓው ከብዙ ወገን ቢጎተጎቱም የሮማን አይሁድ መጋዝ በአደባባይ እንዳልተቃወሙ፥ ስለዚህም ነገሩ ያለቀ ሊባል እንደሚችል፥ በጽሕፈት ቤት ቋንቋ ለበርሊን ያስታውቃል።