ጣሪያው ለማን ነው?

መቼም ፎቶዋን ሳታውቋት አትቀሩም። ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ጣሪያና ግድግዳ ያለው የእንጨት ድልድይ፤ ከሥሩ ኩልል ያለ ወንዝ፤ ከኋላው ቀልቶና ቢጫ ሆኖ ሊረግፍ የደረሰ ቅጠል፤ ከፊቱ ደግሞ ሰው ዝር የማይልበት የገጠር መንገድ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉ ወዳጆቻችን ለዕረፍት ወደ ፔንስልቬንያ ወይም ወደ ቨርሞንት ይነዱና ይቺኑ ይዘው ይመለሳሉ። ፈረንጆቹም ያው ናቸው። ካላንደሩም፣ ፖስትካርዱም፣ የሞባይሉ መስኮትም እሷው ናት። ታምራለች፣ አልካድኩም። ግን ካማረች በኋላስ ምን ትነግረናለች?

ድልድይ ጣሪያ አለው ሲባል እዚህ አገር ላለ አንባቢ ይገርመው ይሆናል። ለሁለት ደቂቃ የሚያልፍ መንገደኛ ዝናብ እንዳይመታው ይህን ሁሉ ጣውላ ማውጣት ምን ይሉታል? ነገሩ ወዲህ ነው። ጣሪያው የተሠራው ለእንጨቱ ነው። ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቁበት የእንጨት ድልድይ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ከለበሰ ግን መቶ ዓመትም ይሻገራል። በአሜሪካ የመጀመሪያው የሚባለው ባለጣሪያ ድልድይ ፊላደልፊያ ላይ በ1805 የተጠናቀቀው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያንብቡልኝ)። የሠራው ቲሞቲ ፓልመር ነው፤ እንዲለብስ የወተወቱት ደግሞ ሪቻርድ ፒተርስ የተባሉ ዳኛ።

በ1820 ኢቲየል ታውን የተባለ አርክቴክት የፈጠራ መብት ያገኘበት አሠራር ደግሞ የባሰ ይደንቃል። ግዙፍ ግንድ አይፈልግም። ጣውላዎቹን እንደ ፍርግርግ እያጠላለፉ በእንጨት ችንካር ማያያዝ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ አይደል? ኒው ሃምፕሸርን ከቨርሞንት የሚያገናኘው የኮርኒሽና የዊንዘር ድልድይ በ1866 በዚሁ በፍርግርግ ዘዴ ተሠርቶ፣ 137 ሜትር ያህል ወንዝ ተሻግሮ መኪና ሲያሳልፍ ኖሯል። መግቢያው ላይ፣ ፈረስህን በእርምጃ ንዳ፣ አለዚያ ሁለት ዶላር ትቀጣለህ የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። በበረዶው ወራት ደግሞ የመንደሩ ሰው አካፋ ይዞ በረዶ ወደ ድልድዩ ውስጥ ይዝቅ ነበር። ወለሉ ከደረቀ የበረዶ ተንሸራታቹ ጋሪ አላልፍ ይላላ!

ታዲያ ይህ ሁሉ ልፋት ፎቶዋ ውስጥ የት ገባ? ፎቶ አንሺው ወንዙ ዳር ቆሞ ቀዩን ግድግዳ ያነሳል። ፍርግርጉ ያለው ውስጥ ነው፤ እሱ ግን አይገባም። መኪና ሲመጣ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ ገበሬ ብቅ ሲል ካሜራውን ያወርዳል፤ ፎቶው ይበላሽበታል። ሰው እንዲያልፍበት የተሠራ መንገድ ሰው ሲያልፍበት ተበላሸ የሚባል ከሆነ፣ የተበላሸው ዓይናችን ነው ባይ ነኝ።

ይሄ የአተያይ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን ዕዳው በሰው ላይ ነው የሚወድቀው። ቨርሞንት ውስጥ ፖምፍሬት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ጭር ባለ መንገድ ዳር ያለ የግለሰብ እርሻ በኢንስታግራምና በቲክቶክ ስሙ ናኘ። ጸጥታ ፈላጊው ጎረፈ፤ መኪናው መንገዱን ዘጋ፤ የሰው ግቢ ተጣሰ። በ2023 ቅጠሉ በሚያምርባቸው ሳምንታት መንገዱ ከነዋሪ በቀር ለሌላው ዝግ እንዲሆን ተወሰነ። ጸጥታውን የጨረሰው ጸጥታን ሊያነሳ የመጣው ነው።

ፔንስልቬንያ ላንካስተር አውራጃ ደግሞ አሚሾች አሉ፤ እስከዛሬ በፈረስ ጋሪ የሚሄዱ ሃይማኖተኛ ገበሬዎች። ተስተካክሎ ቆሞ ፎቶ መነሳት ለብዙዎቹ ትዕቢት ነው፤ የተቀረጸ ምስልን ከሚከለክለው ትእዛዝ ጋርም ያያይዙታል። ይህን እያወቀ ከመኪናው ሳይወርድ ሌንሱን አርዝሞ የሚሰርቃቸው እንግዳ ግን ሞልቷል። ገጠራችን ውስጥ ቱሪስት ሳያስፈቅድ ካሜራ ሲደግን «እኛ የአራዊት ፓርክ ነን እንዴ?» ብለን የምንቆጣ ሰዎች፣ እዚያ ስንሄድ ይሄ እንዴት ይጠፋናል?

ፎቶ ይቅር እያልኩ ግን አይደለም። በኦገስት 2011 አይሪን የተባለው ማዕበል ያስከተለው ጎርፍ በ1870 የተሠራውን የባርተንስቪል ድልድይ ሲጥለው፣ የአካባቢው ሰው የቀረጸው ቪዲዮ አገር ዞረ። እዚያ ውስጥ የሚያምር ቅጠል የለም። የሚታየው መንደሩ ሲያጣ ነው፤ ያየ ሁሉ ምን እንደጠፋ ገባው። ድልድዩ እንደገና በእንጨት፣ እንደገና በጣሪያ ተሠርቶ በ2013 ተከፈተ።

ስለዚህ ዕረፍት የምትወጡ ወዳጆቼ፣ አንሱ። ግን መጀመሪያ መኪናችሁን መንገድ ከማይዘጋበት አቁሙና ድልድዩ ውስጥ ግቡ። ቀና በሉና ጣሪያውን እዩት፤ ፍርግርጉን በእጃችሁ ዳስሱት። ገበሬው ከመጣም ፎቶው ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ ብላችሁ ራሱን ጠይቁት። እምቢ ካለ ሰላም ብላችሁ አሳልፉት፤ መንገዱ የእሱ ነው።